ዳሱ እስኪፈርስ

"ኧረ በማርያም! ሰውዬው መጣ። በምን ዓይኑ ነው እዚህ የሚመጣው?"

ይህን ያለችው ጎረቤቲቱ አየለች ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሹክሹክታ የተናገረች መስሏታል እንጂ ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷታል። አየለች ሹክሹክታ አይሆንላትም። ከሸራው ዳስ መግቢያ ላይ መካኒኩ ክንዱ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ግባ የሚለው ሰው እየጠበቀ ነበር፤ ግባ ያለው ግን የለም።

ቀኑ ሣልስት ነው። የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጅ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ አገሩ ሁሉ ኃይሌ የሚለው፣ በዘውድ በዓል አዘዞ ሜዳ ላይ በተደረገው የሞተር ብስክሌት ውድድር ወድቆ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ያቺን ሞተር ብስክሌት ለውድድር ያዘጋጃት ክንዱ ነው። ብሎኗን ያሰረ፣ ቤንዚኗን የቀዳ፣ ገፍቶ ያስነሣት እሱ ነው። ከአሥመራ በአዲ አርቃይ በኩል የመጡት ተወዳዳሪዎች ደግሞ ኃይሌ በወደቀ በሰዓቱ፣ "ሞተሩ ታንቆ ነው የጣለው፤ ጥፋቱ ያዘጋጀው ሰው ነው" ብለው ሕዝብ እየሰማ ተናግረው ሄደዋል። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ማን ይመልሰው? ለቅሶ ቤት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ ሥራ የለውም፣ ወሬ ብቻ ነው ያለው።

መሪጌታ ከዳሱ ራስጌ፣ ከባለቤታቸው ከለተ ማርያም ጎን፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ክንዱን ሲያዩት ጥርሳቸውን ነከሱ። እሳቸውም እንደ ሰው ሁሉ ያምኑ ነበር፤ ልጄን ይህ ሰው ነው የበላብኝ ይሉ ነበር። ግን ለቅሶ የመጣ አይባረርም። በአገጫቸው ወደ ታችኛው ጥግ አመለከቱት። ክንዱ እጅ ነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። በአጠገቡ የነበሩት ሁለት ሰዎች ተነሥተው ሌላ ቦታ ሄዱ።

ነጋ ወደ አባቱ ጆሮ ጠጋ አለ። ነጋ ትልቁ ልጅ ነው፤ ድብ ባሕር በሚባል አገር አርሶ የሚኖር፣ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው። መርዶውን ሲሰማ እርፉን ጥሎ ነው የመጣው፤ ምንሽር ጠመንጃውን ግን አልጣለም፤ ይኸው ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል።

"አባባ።"

"ምነው?"

"ዛሬ አልነካውም። መጥቷል፣ ይቀመጥ፣ ያልቅስ። ዳሱ እስኪፈርስ ነው። በሰባቱ ዳሱ ሲፈርስ ግን የወንድሜን ነገር እኔ ዐውቃለሁ። እንዳይከለክሉኝ።"

መሪጌታ ዝም አሉ። በአገራችን አባት እንዲህ ተብሎ ዝም ካለ ፈቀደ ማለት ነው። ነጋ እንደዚያው ተረዳው፤ መሪጌታም እንደዚያ እንደሚረዳው እያወቁ ነው ዝም ያሉት።

ኃይሌ የተወለደው በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። በሰባት ዓመቱ ዳዊት ደገመ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ድምፁ ሲወጣ፣ ማሕሌት የቆመው ሁሉ መቋሚያውን ረስቶ ዞሮ ያየው ነበር። መሪጌታ በአፋቸው "ገና ጥሬ ነው፣ ምኑ ተነካና" ይላሉ፤ በሆዳቸው ግን ነገሩን ጨርሰውታል። ነጋ መሬቱን ወስዷል፤ ኃይሌ ድጓውን ይወስዳል፤ እሳቸው ሲሞቱ በቦታቸው ይቆማል። ሰው እንዲህ ነው፤ ሳይጠየቅ ይጨርሳል።

ልጁ በሃያ ሁለት ዓመቱ ድጓውን አጥፎ ከተማው መሐል ፒያሳ፣ ክንዱ የሚሠራበት ጋራዥ ገባ። ምነው ቢሉት፣ "አባባ፣ የሞተር ድምፅ ደስ ይለኛል" አለ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። "እግዚአብሔር የሰጠህን ድምፅ ትተህ የብረት ጩኸት?" አሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ግቢ እየኖሩ፣ አንድ ገበታ እየቀረቡ፣ "እንደምን አደሩ" "እግዚአብሔር ይመስገን" ከመባባል በቀር ቃል አልተለዋወጡም። ለተ ማርያም ስንት ጊዜ እግራቸው ላይ ወደቀች! "ይመርቁት እንጂ መሪጌታ! ያልተመረቀ ልጅ እኮ እንደ ባዳ ነው" ትላቸዋለች። እሳቸው እንደሆኑ ግትር ናቸው፤ በቅሎ እንኳ እንደሳቸው አትለግምም።

ቀዪቱን ሞተር ብስክሌት ያገኟት ከጋራዡ ጓዳ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ጥሎ የሄዳት፣ በጊዜዋ ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አቧራ ጠጥታ፣ ዶሮ ዕንቁላል እየጣለችባት ተኝታለች። የዘውድ በዓል ውድድር ሊደረግ ነው ሲባል፣ ኃይሌና ክንዱ አውጥተው እየገፉ ወደ መሪጌታ ግቢ አመጧት። ከበረቱ ጎን ካለችው ጎጆ አስገብተው ቀይ ቀለሟ እስኪታይ ወለወሏት፤ ኃይሌም ቀዪት ብሎ ስም አወጣላት።

መሪጌታ ጠሏት። ግን ከመስኮታቸው አይጠፉም ነበር። ሰዎቹ የማያስፈልጋትን ሁሉ አወለቁላት፦ መብራቷን፣ ክላክሷን፣ የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎዋን፣ መቆሚያዋን። "ለሩጫ የሚሄድ ሰው ስንቅ አይሸከምም" ይላል ክንዱ። መሪዋን ዝቅ አደረጉት። የእግር መርገጫዋን ወደ ኋላ ገፍተው ከፍ አደረጉት፣ ስታጋድል መሬት እንዳይነካ። የኋላ የሰንሰለት ጥርሷን በትልቅ ቀየሩት፤ የአዘዞ ሜዳ አጭር ነውና ከመታጠፊያው ቶሎ እንድትነሣ እንጂ ሩቅ እንድትበር አይደለም የሚፈልጓት። የፍሬኗን ሸራ አዲስ አደረጉት። ብሎኖቿን አንድ በአንድ እየበሱ፣ በንዝረት እንዳይላሉ በቀጭን ሽቦ አሰሯቸው። ክንዱ አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ ተመልሶ የሚያይ ሰው ነው። ይህን መሪጌታ በዓይናቸው አይተዋል፤ በለቅሶው ሰሞን ግን ረሱት። ሰው ሊጠላ ሲፈልግ ያየውን ይረሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎማዋን አንጠልጥለው ያቃኑ ነበር። የጎማው ሽቦዎች እኩል ካልተወጠሩ ጎማው ይወላገዳል፣ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል። ክንዱ በዓይኑ ነው የሚለካው። ኃይሌ ግን ካቻቢቴ ይዞ ሽቦዎቹን መታ መታ እያደረገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ጀመር። ትን፣ ትን፣ ትን።

"ይቺ ወርዳለች፤ ትንሽ አጥብቃት" ይላል። ክንዱ ያጠብቃል። ትን። "አሁን ቆመች።"

መሪጌታ ከመስኮቱ ጥግ ሆነው ይሰማሉ። ካቻቢቴው አንዷን ሽቦ ሲመታ፣ ሳያስቡት "ወረደች!" አሉ ለራሳቸው። ወዲያው ልጁ ከጎጆው ውስጥ "ይቺ ወርዳለች" አለ። ሠላሳ ስድስቱም ሽቦ አንድ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ እንዲህ ሲያቃና ዋለ። ያ ጆሮ የማን ነው? በስንት ማሕሌት፣ በስንት አርጩሜ እሳቸው የሠሩት ጆሮ ነው። ልጄ የትም አልሄደም ኖሯል አሉ፤ እዚያው መስኮት ሥር ቁጭ ብለው እንደ ሴት አለቀሱ። ወጥተው አንድ ቃል ቢናገሩት ምን ነበረበት? ነገ አሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ።

በአራተኛው ቀን ክንዱ ተመልሶ መጣ። ዳሱ ውስጥ አልገባም። መሪጌታ ወገባቸውን ሊያሳርፉ ብለው ከቤቱ ጀርባ ወጣ ሲሉ ጠብቆ ተከተላቸው።

"የኔታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ለሌላ ሰው አልተናገርኩም።"

"ተናገር" አሉት ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው።

ክንዱ ከኮቱ ውስጥ ጠርሙስ አወጣና ወደ ፀሐይ አነሣው። ከላይ ቢጫ ነገር ተኝቷል፤ ከታች ደግሞ እንደ ምንጭ የጠራ። በመካከላቸው ድንበር ያሰመሩ ይመስላል።

"ከቀብር መልስ ቀዪቱን ከፈትኳት። ይህን ያገኘሁት ከቤንዚን ቋቷ ግርጌና ከካርቡራቶሯ ነው። ከላይ ያለው ቤንዚን ነው። የታችኛው ውሃ ነው የኔታ።"

"ውሃ?"

"ውሃ። ውሃ ከቤንዚን ጋር አይዋሐድም፤ ይከብዳል፣ ከታች ይተኛል። ቀጥ ብላ ስትሄድ ዝም ይላል። እንድትቀል ብዬ ደግሞ ለስድስት ዙር የሚበቃትን ቤንዚን ብቻ ነው የቀዳሁላት። በሦስተኛው ዙር ቤንዚኑ ጎደለ፤ መታጠፊያው ላይ ስታጋድል ውሃው ወደ ቧንቧው ገባ። ታነቀች። ኃይሌ ቤንዚን ሰጣት። መልሳ በአንድ ጊዜ ስትነሣ የኋላ ጎማዋ ከዳው።" ክንዱ ጠርሙሱን ዝቅ አደረገው። "ቤንዚኑን በሻሽ አጥልዬ ነው የቀዳሁት። የተረፈውን አይቼዋለሁ፣ ጠብታ ውሃ የለበትም። ቋቷንም በዋዜማው ጠዋት አጥቤ አድርቄያታለሁ። ግን እንጃ፤ ሳላደርቃት ቀርቼ ይሆን? እንቅልፍ አጣሁ የኔታ። እንዲያ ከሆነ እኔ ነኝ የገደልኩት፤ አያ ነጋ የሚለውም እውነቱን ነው። ብቻ ልወቀው። በዋዜማው ከሰዓት እኔና ኃይሌ ፒያሳ ስንወርድ ግቢ የገባ ሰው ነበር?"

መሪጌታ አጥሩን ያዙ።

"ማንም አልገባም" አሉ።

"እንግዲያው እኔ ነኛ" አለ ክንዱ። ጠርሙሱን ኮቱ ውስጥ መልሶ ከተተና በጓሮ በር ሄደ።

ማንም አልገባም! ምነው ያን ጊዜ ምላሳቸው በተቆረጠ! የገቡት እሳቸው ናቸው። በዋዜማው፣ ኃይሌና ክንዱ ለቀዪቱ ቁጥር የሚጻፍበት ጨርቅ ሊያመጡ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ፣ መሪጌታ ከጊዮርጊስ ያስቀዱትን ጠበል በቅል ይዘው ወደ ጎጆዋ ገቡ። ልጁን ፊት ለፊት ለመመረቅ አፍረው ነው። ብረቷን ልባርክለት፣ እሱ ባያውቅም እግዚአብሔር ያውቃል ብለው ነው። መጀመሪያ ጎማዎቿን ረጩ፤ መሪዋን ረጩ፤ ነገ ልጃቸው የሚቀመጥበትን ረጩ። ዳዊት ደገሙ። ከዚያ ሊወጡ ሲሉ አሳብ መጣባቸው። ድውይ ሲመጣ ላዩን ብቻ ይረጫል እንዴ? ጠበል ይጠጣል እንጂ! ክፉው ያለው ከውስጥ ነው። እነክንዱ ክዳኑን ከፍተው ሲቀዱ ከመስኮት አይተዋል፤ ሆዷ የት እንደሆነ ያውቃሉ። ክዳኑን ጠምዝዘው ከፈቱ። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አሉና አንድ ዋንጫ የሚሆን አፈሰሱባት። ክዳኑን መለሱ። በሁለት ዓመት ውስጥ የዚያን ቀን ያህል ልባቸው ቀሎ አያውቅም።

በማግስቱ ልጁ አዘዞ ሲወዳደር እሳቸው የጊዮርጊስን በዓል ማሕሌት ቆመው ነበር። መርዶውን ያመጣው ሰው የደረሰው ሽብሸባው ላይ ነው።

ስንቱን ድውይ ያዳነ ጠበል! መሪጌታ አምላካቸውን ሊወቅሱ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ጠበሉ ምን አደረገ? የተሰጠው ለሰው ነው። ብረት ያጠጣው የእሳቸው እጅ ነው። አንድ ቃል፣ "ተመረቅ ልጄ" የምትል አንዲት ቃል ከበደቻቸውና በስርቆሽ ሄዱ።

አሁን ይህን የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እግዚአብሔርና እሳቸው። ቢያንስ እንደዚያ መስሏቸው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቅሶ ደራሹ ሳይበዛ፣ ለተ ማርያም ለቅሶ የበላውን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ አይቆጡኝም?" አለቻቸው። ፊቷ በጥፍሯ ተልጦ ቁስሉ ደርቋል። ከቀብሩ ወዲህ እህል ሲባል አልቀመሰችም።

"ምን እቆጣለሁ ከእንግዲህ።"

"አይቼዎታለሁ። በዋዜማው፣ ጠበሉን ይዘው እጎጆዋ ሲገቡ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሲረጩ፣ ሲያፈሱ፣ ሁሉንም አየሁ።" መሪጌታ እጃቸውን ሊሰበስቡ አሉ። እሷ ግን እጃቸውን ይዛ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። "ሁለት ዓመት የለመንኩት ነገር ነው። ልጄ ተመርቆ ነው የሞተ፤ አባቱ ታርቆት ነው የሞተ። እሱ አላወቀም እንጂ እኔ ዐውቃለሁ። ይህች ባትኖር፣ መሪጌታ፣ እኔም እስከዛሬ አብሬው ነበርኩ። ይህች ናት ያቆመችኝ።"

ምን ይበሉ? ያቺን የያዘቻትን ነገር ከእጇ ነጥቀው፣ "እሷው ናት የገደለችው" ይበሏት? መሪጌታ እጃቸውን አላስለቀቁም። ሆድ ይፍጀው አሉ። ሆድ ግን የሚፈጀው አለ፣ የማይፈጀው አለ።

በስድስተኛው ቀን ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ አባ ተክለ ጊዮርጊስ ሄዱ። አባ ተክለ ጊዮርጊስ እስኪጨርሱ ድረስ መስቀላቸውን እየዳሰሱ አዳመጧቸው።

"ይህ በንስሐ የተነገረ ነው፤ ከእኔ ጋር ይቀበራል" አሉ። "ቀኖናዎንም እሰጥዎታለሁ። ለሕዝብ መናገሩን ግን ያስቡበት። ነገ ሰዉ የሚለው 'መሪጌታ ተሳሳቱ' አይደለም። 'ጠበል ገደለ' ነው የሚለው። ስንቱ ደካማ ይሰናከላል!"

"ክንዱስ?"

"እሱን በአዲ አርቃይ በኩል ወደ አሥመራ እናሻግረዋለን። እጀ ወርቅ ነው፣ እንጀራ አያጣም። ዛሬውኑ ሰው እልክበታለሁ።"

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ እፎይ አሉ። እውነቱን እንናገር ካልን ደስ አላቸው። ሚስታቸው የያዘቻትን እንደያዘች ትቀራለች፣ ክንዱም በሕይወት ይኖራል፣ እሳቸውም ሌሊት ሌሊት እየሰገዱ ይሞታሉ። የተላከው ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ።

"አልሄድም አለ" አላቸው። "'የሸሸ ሰው የገደለ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ገድዬ እንደሆነ ገና አላወቅሁም። በሰባቱ እመጣለሁ፤ የኃይሌን ዳስ ሳላፈርስ የትም አልሄድም' አለ።"

በሰባቱ ፍትሐቱ ተደረገ፤ ሰዉ በላ፣ ተጠጣ። ከዚያ ወንዶቹ የዳሱን ገመድ ይፈቱ ጀመር። ክንዱም መጥቷል። ማንም ሳያዘው እጅጌውን ሰብስቦ ከዳር ካለው እንጨት ጀመረና እየነቀለ፣ እያስጠጋ ይከምራል። የሚያግዘው የለም፤ የሚከለክለውም የለም። ነጋ ከግቢው በር ላይ ቆሟል። የምንሽሩን መዝጊያ ከፈት አድርጎ አይቶ መልሶ ዘጋው። ሴቶቹ ያን ድምፅ ሲሰሙ ልጆቻቸውን ወደ ቤት አስገቡ። ማንም የማያውቀው ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ቀን ሰው ወሬውን ይተዋል፤ አየለች እንኳ ዝም ብላለች።

ሸራው ወረደ። ፀሐዩ እንደ ጉድ ግቢውን ሞላው። ከእንጨቱ የቀረው መሐለኛው ምሰሶ ብቻ ነው፤ ክንዱ እሱን ሊነቅል አቀፈው።

"ተወው!" አሉ መሪጌታ።

ተነሡ። ሲነሡ ጋቢያቸው ከአንዱ ትከሻቸው ወርዶ መሬት ተጎተተ፤ እሳቸው አላዩትም።

"ስሙኝ። ነጋ፣ አንተም ና ስማ። ቤንዚኗ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው ልጄ የሞተ። ውሃውን ያስገባሁ እኔ ነኝ። በዋዜማው ክዳኗን ከፍቼ ጠበል አፈሰስኩባት። ልባርክለት ብዬ። ለብረት እንደማይሆን አላወቅሁም። ክንዱ ሲጠይቀኝም ዋሸሁት። ደም የምትፈልግ ከሆነ ይኸው፣ እኔ ዘንድ ነው።"

ከሴቶቹ መካከል ጉምጉምታ ተነሣ።

"ውይ የኔታን! ኀዘኑ ናላቸውን አዞረው።"

"ሰባት ቀን ሙሉ እኮ አልተኙም።"

"ጠበል ይገድላል እንዴ? ኧረ ወዲያ!"

አባ ተክለ ጊዮርጊስ አንገታቸውን ደፍተው መስቀላቸውን ይዘዋል፤ በንስሐ የሰሙት ነውና አፋቸው ታስሯል። ነጋ ወደ አባቱ ሁለት እርምጃ መጣና ቆመ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

"አባባ፣ ይቀመጡ" አለ። "ለዚህ ሰው ብለው ራስዎን አያዋርዱ። ሸጋ ሰው መሆንዎን እናውቃለን። ርኅራኄዎን ግን ለሱ አይስጡብኝ። እርስዎ ያቺን ብረት በዓይንዎ ማየት የሚጠሉ፣ ሊባርኳት? ማን ያምናል?"

እውነታቸውን ተናግረው የሚያምናቸው አጡ። ሦስት ቀን የፈሩት ነገር ሁሉ ደርሶ፣ ይህ ግን በአሳባቸው መጥቶ አያውቅም። ሁለት ዓመት ልጃቸውን በመጥላታቸው የታወቁ ሰው ናቸው፤ ወድጄው ነበር ቢሉ ማን ይቀበላቸዋል? ክንዱ ምሰሶውን እንዳቀፈ ያያቸዋል፤ ከኮቱ ያለው ጠርሙስ ውሃውን ያሳያል እንጂ ማን እንዳፈሰሰው አያሳይም። ነጋ ወደ ክንዱ ዞረ።

መሪጌታ ወደ ለተ ማርያም አዩ። ያየች እሷ ብቻ ናት። አይተዋት ግን ወዲያው ዓይናቸውን አነሡ፤ ተናገሪ ብለው ሊለምኗት አፍ አላገኙም። እሷ ራስጌው ላይ እንደተቀመጠች ነው። ባሏ ሲናገሩ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ዓይኗ ማንንም አያይም። ዝም ብትል የኃይሌ ምርቃት ምርቃት ሆኖ ይቀርላታል፤ ሕዝቡ ሁሉ ኀዘን ነው ብሏል፣ እሷም ኀዘን ነው ብላ ማመን ትችላለች። አንድ ሰው ይሞታል እንጂ። ያም ሰው ባዳ ነው።

ነጋ ምንሽሩን ወደ ትከሻው አነሣ።

"ነጋ!" አለች። የእናት ድምፅ አልነበረም፤ እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ያለ ነው።

ነጋ ቆመ።

"እውነታቸውን ነው። በበሩ ስንጥቅ አይቻቸዋለሁ። ጎማዋን ሲረጩ አይቻለሁ፤ ክዳኗን ከፍተው ሲያፈሱባት አይቻለሁ። ናላቸው አልዞረም።" በእጇ ወደ ጎጆዋ አመለከተች። "እኔ ቆሜ እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለነጋ እናት፣ ለኃይሌ እናት፣ እንዲህ ያለ ደስታ! ሰውዬውን ተወው ልጄ።"

ነጋ ምንሽሩን አወረደ። እንደ ዱላ ተደግፎት ትንሽ ቆየና ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቁጭ አለ። ክንዱ ምሰሶውን ለቀቀው። ሰባት ቀን ያልወጣለት ለቅሶ እንደ ወንድ ሳይሆን እንደ ሕፃን ወጣ፤ እዚያው እምሰሶው ሥር ተደፍቶ "ወንድሜን! ወንድሜን!" ይል ጀመር። ጠጋ ያለው የለም፤ የራቀውም የለም።

ለተ ማርያም ተነሣች። አየለች ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ለተ ማርያም ግን በእጇ መለሰቻትና ብቻዋን ወደ ባሏ ሄደች። ሕዝቡ ትመታቸዋለች ብሎ ጠበቀ፤ ወይ እግራቸው ላይ ትወድቃለች። መሪጌታም ጠበቁ። እሷ ጎንበስ አለች። መሬት የተጎተተውን የጋቢያቸውን ጫፍ አነሣች፤ አቧራውን በእጇ ሁለት ሦስት ጊዜ አራገፈችላቸው። ከዚያ ለማሕሌት ሲወጡ ሌሊት ሌሊት እንደምታደርግላቸው፣ በግራ ትከሻቸው ላይ መልሳ ደረበችላቸው፤ ዘርፉንም እኩል አደረገችው። እጇ ደረታቸው ላይ ትንሽ ቆየ። ፊታቸውን ግን አላየችም።